ከደረስጌ እስከ ደባርቅ
ስለ ደግነትና ክፋት በትራጀዲ ቴአትር

ባለፈው ወር የድራማ ክበባችን አባሎች ማታ ማታ እየተሰበሰብን፣ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ የሼክስፒርን «ማክቤዝ» በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም በየተራ ስናነብ ሰነበትን። ንባቡ ባለቀ ዕለት እንደ ልማዳችን ክርክር ተነሣ። ከፊሎቻችን፣ «ማክቤዝ ክፉ ሰው ነው፤ በቤቱ ያደረ ጌታውን በተኛበት የገደለ ሰው ሌላ ስም የለውም» አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ፣ «ጥፋቱ የጠንቋዮቹና የሚስቱ ነው፤ ሰውየውስ ጀግና ነበረ» ብለን ተሟገትን። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ እንጂ ዕልባት አላገኘም።

ነገሩ በዚያው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ባልተነሣን ነበር። ነገር ግን በሳምንቱ፣ ክበቡ ለዓመቱ መዝጊያ ሊያሳየው ስላሰበው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ቴአትር ለመነጋገር እንደገና ተሰበሰብን። የቀረበው ረቂቅ ከቋራ ይነሣል፤ ደረስጌ ላይ ዘውድ ይደፋል፤ ከዚያም በአንድ ዝላይ መቅደላ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ፣ «ደባርቅስ የት ገባ?» ብሎ ጠየቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጥቂት ቈይቶም፣ «የጀግና ስም አናጕድፍ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ «የምንኖርበትን ከተማ በክፉ ማስነሣት ምን ይጠቅመናል?» የሚልም ነበረ። እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች «ደባርቅ ይግባ» ከሚሉት ወገን ነን። ምክንያታችንንም ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ለመግለጽ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ስለ ማክቤዝ እንናገር። መጋረጃው ሲገለጥ ማክቤዝ ክፉ ሰው አይደለም። ለንጉሡ ለዳንከን ተዋግቶ አመፀኞችን ድል የነሣ፣ ወታደሩ ሁሉ የሚያመሰግነው ጦረኛ ነው። ጠንቋዮቹ «ትነግሣለህ» አሉት እንጂ «ግደል» አላሉትም። ሚስቱም ብትገፋፋው ጩቤውን የጨበጠው የራሱ እጅ ነው። ይልቁንም ማክቤዝ የሚሠራውን አሳምሮ ያውቃል፤ ዳንከን ዘመዱም፣ ጌታውም፣ እንግዳውም መሆኑን እያሰበ ሲያመነታ እናየዋለን። ከዚያ በኋላ ግን የቀድሞ ወዳጁን ባንኮን ያስገድላል፤ ቀጥሎም ምንም ያልበደሉትን የማክደፍን ሚስትና ልጆች ያስፈጃል። ለመጀመሪያው ግድያ ከኅሊናው ጋር ሌሊቱን ታግሏል፤ ለመጨረሻው ለአፍታም አላመነታም። ቴአትሩ የሚያስፈራን በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ክፋት ከውጭ ጭራቅ ሆኖ አልመጣም፤ በደኅናው ሰው ላይ ቀስ እያለ ልማድ ሆነበት።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስም ስለ ትራጀዲ ሲያስተምር ይህንኑ ነገር ነክቶታል። እንደ እሱ አስተያየት፣ ፍጹም ደግ የሆነ ሰው ሲወድቅ ብናይ ነገሩ ይዘገንነናል እንጂ ትራጀዲ አይሆንም፤ ፍጹም ክፉ ሰው ሲወድቅ ብናይም ተገቢውን አገኘ ብለን እናልፋለን። ርኅራኄና ፍርሃት የሚያድርብን በሁለቱ መካከል ያለ፣ በራሱ ስሕተት የወደቀ ሰው ስናይ ነው። ርኅራኄው ለእሱ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ለራሳችን ነው፤ ሰውየው እኛን ይመስላልና።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በእውነተኛው ታሪክ ማክቤዝ የሚባል የስኮትላንድ ንጉሥ እ.ኤ.አ. ከ1040 እስከ 1057 ነግሦ ነበረ፤ ዳንከንም የሞተው በጦርነት እንጂ በመኝታው አይደለም። ሼክስፒር መነሻ ባደረገው የታሪክ መጽሐፍ ደግሞ ባንኮ የግድያው ተባባሪ ነው። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝን ይገዛ የነበረው ንጉሥ ጄምስ ግን የባንኮ ዘር ነኝ ይል ስለ ነበረ፣ ደራሲው ባንኮን አጥቦ ንጹሕ ያደረገው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ የታሪክን ሰው ለመድረክ ማጠብ ወይም ማጥቈር ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ቢሆንም ሼክስፒር ማክቤዝን ሲያጠቁረው እንኳ ኅሊናውን አልነሣውም። እኛስ ቴዎድሮስን ስናጥብ ኅሊናቸውን የተፈተኑበትን ቀን አብረን ማጠብ አለብን?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከደባርቅ ተነሥቶ፣ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ፣ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ የዘለቀ ሰው ከመካነ ብርሃን አጠገብ ደረስጌ ማርያምን ያገኛል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ያሠሩትም ሊነግሡበት አስበው ነበረ። ደጃዝማች ውቤ በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ የራስ ዓሊን ጦር ድል ካደረጉ በኋላ በድላቸው ሲደሰቱ ሳሉ ድንገት የተማረኩ ሰው ናቸው። ዕድል አንድ ጊዜ ስታመልጣቸው ሁለተኛ ጊዜ ሊይዟት ደረስጌን አዘጋጁ።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል ነሥተው ማረኩ። ጥቂት ቀናትም ሳይቈዩ፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ከግብፅ ባስመጧቸው ጳጳስ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነገሡ። ትናንት የኮሶ ሻጭ ልጅ ተብለው የተሰደቡት ሰው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ግን ካሣ ራሳቸው መረጡት። በ«ፍካሬ ኢየሱስ» ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ሰላምንና ቅን ፍርድን እንደሚያመጣ የሚነገረውን ሕዝቡ ሁሉ ያውቅ ነበርና።

ማክቤዝ ትንቢት ሰማ፤ ቴዎድሮስም ትንቢት ሰሙ። ልዩነቱ ሰፊ ነው። የማክቤዝ ትንቢት ዘውድ ከማግኘት በቀር ምንም አያዝዘውም፤ የቴዎድሮስ ትንቢት ግን ዘውዱን ለፍትሕ የሚያውል ንጉሥን የሚመለከት ነው። በእርግጥም ሥራቸው በዚሁ ጀመረ። ዘመነ መሳፍንት የበታተነውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሡ፤ ሽፍታው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ የባሪያ ንግድ እንዲቀር አዘዙ፤ ወታደር የገበሬውን ቤት እየዘረፈ እንዳይኖር ደመወዝ ሊቈርጡለት ሞከሩ። በአለባበሳቸውና በአኗኗራቸው ከተራው ወታደር ብዙ የማይለዩ ንጉሥ ነበሩ። እኛ የምናፈቅራቸው ስለዚህ ነው፤ ፍቅራችንም ከንቱ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነው ደባርቅ የሚመጣው።

በ1850 ዓ.ም. እቴጌ ተዋበች ሞቱ። በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንስልና የንጉሡ ወዳጅ የነበረው ዋልተር ፕላውደን ወደ አገሩ ለመመለስ ሲጓዝ፣ ጎንደር አጠገብ በአመፀኛው በጋረድ ሰዎች እጅ ቈስሎ ሞተ። ጋረድ ደግሞ ባዕድ አልነበረም፤ የንጉሡ የሥጋ ዘመድ ነው። በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴዎድሮስ ጋረድን ሊወጉ ወጡ። በውጊያው ላይ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ይባል የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል፣ የብዙ ዘመን ታማኛቸው፣ ጌታውን ሲከላከል ወደቀ። ጋረድም በዚያው ጦርነት ተገደለ። ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ይችል ነበረ፤ አመፀኛው ሞቷል፣ ተከታዮቹም ተማርከዋል። ግን አላበቃም። የተማረኩት ሰዎች በብዛት ደባርቅ ላይ ተገደሉ።

ይህን የሠራው ጭራቅ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት ከዚሁ የሰሜን ተራራ ላይ በቅብዐ ቅዱስ የከበረ፣ የድኻ አባት ለመሆን የተነሣ ንጉሥ ነው። ለምን አደረገው ብለን ብንጠይቅም መልሱ ምኞት ወይም ስስት አይደለም። ንጉሡ ወዳጆቻቸውን ይወዱ ነበረ፤ ኀዘናቸውም የእውነት ነበረ። ለማክቤዝ ክፋት በምኞት በር ገባ፤ ለቴዎድሮስ ግን በወዳጅነትና በኀዘን በር ገባ። ስለዚህ የእኛው ትራጀዲ ከስኮትላንዱ ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል። ምኞትን ሰው ሁሉ ይጠረጥረዋል፤ ቄሱም መምህሩም ከእሱ ተጠንቀቁ ይሉናል። ለሞተ ወዳጅ የሚያለቅስን ሰው ግን ማን ይጠረጥራል?

አንባቢ ልብ ብሎት እንደሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ማክቤዝን «እሱ»፣ ቴዎድሮስን «እሳቸው» እያልን ነው የመጣነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ስለ ደባርቅ ስንናገር፣ ሳናስበው «የሠራው» «አደረገው» አልን። ስናርም አየነው፤ ግን እንዳለ ተውነው። አማርኛችን ራሱ አክብሮቱንና ፍርዱን እንዴት እንደሚያደላድል ያሳያልና። እኛ ቴዎድሮስን «አንተ» ለማለት አልተነሣንም። የምንለው፣ «እሳቸው» ማለት ዐይንን መክደኛ አይሁን ነው።

ከደባርቅ በኋላ ያለውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ሳይቀሩ በእሳት ጋዩ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሥር ሲደርስ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች እስላምጌ ላይ ተገድለው ወደ ገደል ተወረወሩ። ብዙዎቹ ትልቅ ጥፋት የሌለባቸው ነበሩ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ንጉሡ የጦሩ ሰበብ የሆኑትን አውሮፓውያን እስረኞች አንዳች ሳይነኩ ለቀቁ፤ ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ክፋቱና ደግነቱ እስከ መጨረሻው ሰዓት ከአንዱ ልብ አልወጡም። በዚህ ሁሉ መካከል ከሰሜን የተወለዱትን እቴጌ ጥሩወርቅን አለማስታወስ አይቻልም። የውቤ ልጅ ናቸው፤ የአባታቸው ማራኪ ሚስት ሆኑ፤ ከመቅደላ በኋላ ብዙም ሳይቈዩ በመንገድ ላይ ሞቱ። የውቤና የቴዎድሮስ ደም የተገናኘበት ልጃቸው ዓለማየሁም በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በ18 ዓመቱ ዐረፈ።

መቅደላን ብቻ ያየ ተመልካች ንጉሡን የገደሏቸው እንግሊዞች፣ ከሐዲ መኳንንትና መጥፎ ዕድል ናቸው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደባርቅን ያየ ግን መቅደላ ከየት እንደ ተጀመረ ያውቃል። ደባርቅን ማውጣት ቴአትሩን አያጸዳውም፤ አጥንቱን ያወጣበታል።

ተቃዋሚዎቻችን የሚያቀርቡትን ምክንያት አንንቅም። የቀድሞ ደራሲዎቻችን ቴዎድሮስን በመድረክና በልብ ወለድ ከፍ አድርገው ያሳዩን ያለ ምክንያት አይደለም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ቴአትር ጻፉላቸው፤ ጸጋዬም እንዲሁ፤ አቤ ጉበኛና ብርሃኑ ዘሪሁን መጽሐፍ ደረሱላቸው። ከቶ እንደ ቀማኛ ብቻ ይታዩ የነበሩበትን አስተያየት አስተካክለው የአንድነትንና የሥልጣኔን ሕልም አሳዩን። ይህ ዕዳ አለብን። ነገር ግን ዕዳ የሚከፈለው ያንኑ ቃል በመድገም አይደለም። እነሱ ሕልሙን አሳዩን፤ ሕልሙ ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ማሳየት የእኛ ተራ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ስላነሣልን የክፍል ጓደኛችንንም እናመሰግነዋለን። የዳባት ልጅ ነው። እንዲህ አለን፦ «እናንተ ክፉና ደግ በአንድ ልብ ውስጥ ይኖራሉ ትላላችሁ። ጭና ሄዳችሁ ይህን ለእናቶች ንገሯቸው።»

ጭና በዳባት ወረዳ ያለች የገበሬ መንደር ናት። የትግራይ ተዋጊዎች በያዟት ጊዜ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ቀናት፣ መሣሪያ ያልያዙ ሰዎች በቤታቸውና በእርሻቸው ተገድለዋል። ልጁን ለቀበረ ሰው «ገዳዩም እኮ ደግነት አያጣም» ብሎ መስበክ ነውር ነው፤ እኛም አንሰብክም። ትራጀዲ ገዳይን ይቅር በሉ አይልም። ማክቤዝን ምን ያህል ብንረዳው፣ ማክደፍ ሰይፉን ሲመዝበት «ተው» ያለ አንባቢ ከመካከላችን አልነበረም። መረዳት አንድ ነገር ነው፤ ከፍርድ ነጻ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። የጭና ሟቾች ፍርድ ይገባቸዋል፤ ይህ ለክርክር አይቀርብም።

ነገር ግን ጓደኛችን ይህንንም ይስማን። በዚያው በ2013 ዓ.ም.፣ በጥቅምት መጨረሻ በማይካድራ፣ በኅዳር በአክሱም፣ መሣሪያ ያልያዘ ሰው ተገድሏል። ገዳዮቹ የአንድ ወገን ሰዎች አልነበሩም፤ ሟቾቹም እንዲሁ። ከገዳዮቹ መካከል «እኔ ማክቤዝ ነኝ» ብሎ የተነሣ ያለ አይመስለንም። አንዱ ተበቃይ ነኝ ይላል፤ አንዱ ወገኔን አዳኝ ነኝ ይላል፤ አንዱ የሞተ ወንድሙን ስም ይጠራል። ሁሉም በደባርቅ በር ነው የገቡት፤ በሚወዱት ሰው ኀዘን በር። እንግዲህ ክፋትን በሌላው ወገን ብቻ እንድንፈልገው የሚያስተምር ቴአትር ለጭና ሟች ምንም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው፣ ነገ የጭና ልጅ ራሱ በኀዘኑ ላይ ሆኖ ምርኮኛ በእጁ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እንዲያስብ የሚያደርግ ቴአትር ነው። ይህ ጥያቄ ለስኮትላንድ ሰው አይደለም። ዕድሜያችን ሃያና ሃያ አንድ ለሆነው፣ ነገ መምህር፣ ዳኛ፣ ሐኪም ወይም ባለ ሥልጣን እንሆናለን ለምንለው ለእኛ ነው።

ስለዚህ ለድራማ ክበቡ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከደረስጌው ንግሥና ከመቅደላው ፍጻሜ መካከል አንድ ትዕይንት ይጨመር። ጊዜው ምሽት፣ ቦታው ደባርቅ ይሁን። በአንድ በኩል የወዳጃቸው ሬሳ በቃሬዛ ላይ ይቀመጥ፤ ንጉሡም አጠገቡ ሆነው ያልቅሱ፤ ልቅሶው የእውነት ይሁን፣ ተመልካቹም አብሮ ያልቅስ። በሌላ በኩል ምርኮኞቹ እጃቸውን ታስረው ይቀመጡ። ከእነሱ አንዱ፣ ስሙን ታሪክ ያላቆየልን ተራ ገበሬ፣ ስለ ሚስቱና ሳያጭደው ስለ ቀረው ገብስ ጥቂት ይናገር። ከዚያ ንጉሡ ቀና ብለው ይመልከቱት። ትእዛዙን ሲሰጡ እንስማ፤ ግድያውን ግን አናሳይ። ተመልካቹ ንጉሡን መጥላት ቢያቅተው፣ ያደረጉትንም ይሁን ማለት ቢያቅተው፣ ቴአትሩ ሥራውን ሠርቷል እንላለን። ለዚህ ትዕይንት አዲስ ልብስና ገንዘብ አያስፈልግም፤ ያለን ጋቢና አንድ ቃሬዛ ይበቃናል።

«የምንኖርበትን ከተማ በክፉ ማስነሣት ምን ይጠቅማል?» ላሉን ደግሞ አንድ ቃል እንመልስና እናብቃ። ደባርቅ የገደለች ከተማ አይደለችም፤ የተገደሉባት ናት። ምርኮኞቹ የወደቁበት መሬት በየቀኑ ወደ ትምህርት የምንሄድበት አካባቢ ነው። ለቤል ያለቀሰለት ንጉሥ ነበረ፤ ለእነሱ ግን እስካሁን ማንም በመድረክ ላይ ሲያለቅስላቸው አላየንም።

ገጻችን ጠባብ ስለ ሆነ በዚህ እናቆማለን። ሐሳባችንን የሚቃወም ጓደኛ ወይም መምህር ቢኖር በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ቴአትሩ እስኪታይ ገና ጊዜ አለ፤ ረቂቁም ገና በእርሳስ እንደ ተጻፈ ነው።